ልጅ ይረሳል

በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ አንድ ዘመዴ ከሠፈሩ ሰው ያሰባሰበውን ልብስ ጭኖ ደብረ ብርሃን ወደሚገኝ የተፈናቃዮች መጠለያ ሲሄድ «አንተም ና፣ ከምታወራ ሄደህ ብታይ ይሻላል» ብሎ ይዞኝ ሄደ። መጠለያው ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች የሚኖሩበት ነበር። ልብሱ በስም ዝርዝር ሲታደል እኔ ሥራ ፈት ስለነበርኩ ከድንኳኖቹ ኋላ ዞር ዞር ማለት ጀመርኩ።

እዚያ አምስት ስድስት ልጆች ይጫወታሉ። በጭቃና በጭራሮ ትንንሽ ቤቶች ይሠራሉ፤ አጥር ያጥራሉ፤ በር ያወጣሉ። ሠርተው ሲጨርሱ አንደኛው፣ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ድንጋይ ያነሳና ቤቶቹን አንድ በአንድ ይደረምሳቸዋል። እንደገና ይሠራሉ። እንደገና ይደረምሳል። የሚገርመው፣ ሌሎቹ አይጣሉትም። ጨዋታው ራሱ እንደዚያ ነው። እኔ ግን የአስተማሪነት አመሌ ተነሳብኝና «ምነው እናንተ! ደግ ደጉን አትጫወቱም?» ብዬ ተቆጣሁ። ልጁ ድንጋዩን ጣለና አቀርቅሮ ቆመ። ድንኳን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ የሚሞቁ አያቱ «ተወው ልጄ፣ ቤታችን ሲቃጠል ያየ ነው። ልጅ አይደል? ይረሳዋል» አሉኝ።

«እውነትዎን ነው እናቴ፣ ልጅ ይረሳል» አልኩና ወደ ዘመዴ ተመለስኩ።

ማታ አዲስ አበባ ገብቼ ስተኛ ያቺ «ልጅ ይረሳል» ያልኳት ነገር ታመላልሰኝ ጀመር። ለመሆኑ ልጅ ይረሳል እንዴ? ማን ነው የነገረን?

እስቲ የራሳችንን ልማድ እናስታውስ። እኛ አዋቂ ሰው ሲያዝን ብቻውን የማንተው ሕዝብ ነን። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የቅርብ የሚባሉ ወዳጆች ተመርጠው ነው። ድንኳን ይተከላል፤ እድርተኛ ይመጣል፤ አልቃሽ ታወጣለች፤ ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ከዚህ የተሻለ የኀዘን ሥርዓት የትም አላየሁም። ልጁንስ? ልጁን ወደ ጎረቤት እንልከዋለን! «አባትህ ሩቅ አገር ሄዷል» እንለዋለን። ለቅሶው ሲያልቅ ይመጣል፤ ሰው ሁሉ ጥቁር ለብሷል፤ እሱ የሚጠይቀው ሰው የለም። አይጠይቅም፣ እኛም ዝም ማለቱን አይተን «ረሳው» እንላለን። ለአዋቂው መርዶ አለው። ልጁ መርዶ የለውም።

እንዲህ ያለው ስሕተት የእኛ ብቻ አለመሆኑን ያወቅሁት ያስተማርኩት ሥነ ጽሑፍ ጎትቶ ወደ ሌላ መጽሐፍ ሲወስደኝ ነው። ነገሩ የሆነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ አገር ነው (የውጭውን ዘመን እንደ እነሱ አቆጣጠር እጽፈዋለሁ)። በመስከረም 1939 ጦርነቱ ሲጀመር የእንግሊዝ መንግሥት ከተሞቹ በአውሮፕላን ይደበደባሉ ብሎ በጥቂት ቀናት ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው፣ አብዛኛውን ልጆች፣ ወደ ገጠር አወጣ። ልጆቹ ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት ልብሳቸው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ትንሽ ሻንጣ ይዘው ባቡር ተሳፈሩ። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ሕይወታቸውን ለማዳን ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ጆን ቦልቢ፣ ዶናልድ ዊኒኮትና ኢማኑኤል ሚለር የተባሉ ሦስት ሐኪሞች በአገሪቱ የሕክምና መጽሔት ላይ ደብዳቤ አወጡ። ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ሕፃናትን ከእናታቸው ነጥሎ መላክ ከባድ የሥነ ልቦና ጉዳት ያመጣል ብለው አስጠነቀቁ። በዚያ ወቅት ስለ ቦምብ እንጂ ስለ እናት ናፍቆት የሚያስብ ሰው ብዙ አልነበረም።

ከዚያ አና ፍሮይድ መጣች። የዝነኛው የሲግመንድ ፍሮይድ ልጅ ናት። ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ በ1938 ከአባቷ ጋር ከቪየና ሸሽታ ለንደን የገባች ናትና ራሷም ስደተኛ ነበረች። በ1941 ከወዳጇ ከዶሮቲ በርሊንግሃም ጋር ሆና፣ ከአሜሪካ በተገኘ ገንዘብ፣ ሃምፕስቴድ በሚባለው የለንደን ሠፈር ቤት በድብደባ የፈረሰባቸውን፣ አባት የዘመተባቸውን ሕፃናት መቀበል ጀመረች። በኋላ ቤቶቹ ሦስት ደረሱ። የሚሠሩላት ወጣት ሴቶች ብዙዎቹ እንደ እሷው ስደተኞች ነበሩ። ልጆቹ ያደረጉትንና የተናገሩትን በየዕለቱ በካርድ ላይ ይጽፉ ነበር።

ከዚያ ማስታወሻ የወጣው ነገር ብዙዎችን አስገርሟል። በድብደባው መካከል ከእናቱ ጋር የቆየ ልጅ፣ እናቱ እስካልተሸበረች ድረስ፣ እንደተፈራው አልተጎዳም። ከቦምቡ ርቆ፣ ከእናቱም ርቆ ደኅና ቦታ የተቀመጠው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ይበልጥ ተጎድቶ ተገኘ። ልጅ የአደጋውን መጠን የሚለካው በእናቱ ፊት ነው ማለት ነው። ይህን ሲረዱ ሁለቱ ሴቶች ወላጅ በፈለገው ሰዓት መጥቶ ልጁን እንዲያይ ፈቀዱ። ልጆቹንም አራት አራት፣ አምስት አምስት አድርገው ለእያንዳንዷ ሠራተኛ ሰጧቸው፤ ትንንሽ ቤተሰብ መሠረቱ ማለት ነው። ወዲያው ልጆቹ ተለወጡ። ቅናቱ፣ ለቅሶው፣ «የኔ ናት» የሚለው ጠብ ከዚያ በፊት ያልነበረ ሆኖ መጣ። ሆኖም በንግግራቸውም በሌላውም ዕድገታቸው ፈጠን አለ። የሚጣሉበት የራሳቸው ሰው አገኙ።

እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያለ የአንድ ሕፃን ታሪክ ነው። አራት ዓመቱ ነው። አባቱ በአውሮፕላን ድብደባ ሞቷል፤ እናቱ በኀዘን ታማ ሆስፒታል ገብታለች። ልጁ ስለ አባቱ ሞት መስማት አይፈልግም ነበር። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፦ የወረቀት ቤት እየሠራ በብይ ይደበድባል። ሌሎቹ ልጆችም እንዲህ ይጫወታሉ። የሱ ግን ማቆሚያ የለውም። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ቀጠለ። ታዲያ አንድ ቀን አባቱ መሞቱን፣ ተመልሶም እንደማይመጣ በራሱ አፍ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ያ ያለማቋረጥ የሚደጋገም ጨዋታ ቀረ።

እንግዲህ አንባቢዬ ያስበው። ለንደን ላይ ያ ሕፃን በብይ ሲደበድብ አጠገቡ ተቀምጣ የምታየውና የምትጽፍ ሴት ነበረች። ደብረ ብርሃን ላይ ያኛው በድንጋይ ሲደረምስ ያገኘው እኔን ነው። «ደግ ደጉን ተጫወት» የምለውን ሰውዬ! ልጁ የረሳ መስሎኝ ነበር። ለካ መርዶውን ለራሱ እያረዳ ነው።

ጦርነቱ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። በ1945 በናዚዎች ማጎሪያ ቴሬዚን የነበሩ ስድስት ሕፃናት ወደ እንግሊዝ አገር መጡ። ዕድሜያቸው ሦስትና አራት ዓመት ነው። ወላጆቻቸው ተገድለዋል፤ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያደጉት እናት የሌላቸው ልጆች በሚቀመጡበት ክፍል ነው። ቡልዶግስ ባንክ በሚባል የገጠር ቤት ሶፊና ገርትሩድ ዳን የሚባሉ እኅትማማቾች ተቀበሏቸው። ልጆቹ አሻንጉሊቱን ሰበሩ፤ ትልልቆቹን ሰዎች ነከሱ፣ ተፉባቸው። እርስ በርሳቸው ግን ሌላ ነበሩ። ምግብ ሲቀርብ አንዱ ለሌላው ካልደረሰው አይበላም። አንዱ በእግር ጉዞ ወደ ኋላ ከቀረ ሌሎቹ ይቆማሉ። ለያይቶ ማስተኛት፣ ለያይቶ መውሰድ አይሞከርም። ሁለቱ እኅትማማቾች ይህን አይተው አልለያዩአቸውም። ቀስ በቀስ፣ በዓመት ውስጥ፣ ልጆቹ ትልልቆቹን ሰዎች ወደ ማኅበራቸው አስገቧቸው። እናት ባይኖር እንኳ ከልጅ ላይ ሁሉ ነገር አይጠፋም ማለት ነው። የተረፈው ነገር ጓደኞቹ ናቸው። የመጀመሪያው እርዳታ ያንን አለመበተን ነው።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር የራሳችን «አርባ ልጆች» ትዝ ይሉኛል። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ በመንገዳቸው ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። እዚያ በአርመኖች ገዳም በ1915 እ.ኤ.አ. ከጀመረው እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆችን አገኙ። ከፓትርያርኩ ጋር ተስማሙና አርባውን ወደ አገራችን አስመጧቸው። ልጆቹ በዚያው ዓመት ጳጉሜ ላይ አዲስ አበባ ገቡ። ከእነሱ ጋር አርመናዊ ቄስ ነበር። መምህራቸውም የዓይንታብ ተወላጅ የሆነው አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። ኬቮርክ ለራስ ተፈሪ የደረሰው ማርሽ፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም ሰጥቶት፣ እስከ አብዮቱ ድረስ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ኖረ።

እኛ ይህን የምንተርከው ለሙዚቃው ታሪክ ነው፤ ተገቢም ነው። ራስ ተፈሪም ሙዚቀኛ እንጂ የሥነ ልቦና ሕክምና አላሰቡም፤ የሌለ ነገር ልጨምርላቸው አልፈልግም። ግን በልጆቹ በኩል ሆነን ብናየውስ? አርባ ሆነው መጡ እንጂ አንድ አንድ ሆነው በየመኳንንቱ ቤት አልተበተኑም። ቋንቋቸውን የሚያውቅ፣ የደረሰባቸውን ሳይነገረው የሚያውቅ አስተማሪ ነበራቸው። ጠዋት የሚነሱበት ሥራ ነበራቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጓዱ ሲበተን ብዙዎቹ ወደ ሌላ አገር ሄዱ፤ የቀሩም አሉ። ያየ ሰው በወቅቱ ነፋሻቸውንና ከበሯቸውን ሰምቶ ይሆናል እንጂ በሌሊት ምን እያዩ እንደሚባንኑ የጠየቃቸው መኖሩን እንጃ።

ሩቅ ሳልሄድ የማውቀውን ልናገር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ከአልጋዬ በላይ የሚተኛው ልጅ የሕፃናት አምባ ልጅ ነበር። ወጣቱ አንባቢ ላያውቅ ይችላል፦ የሕፃናት አምባ በደርግ ዘመን በሶማሊያ ጦርነትና በሌሎችም ግንባሮች ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች በስምጥ ሸለቆው፣ አላጌ ላይ የተቋቋመ መንደር ነው። ጓደኛዬ ጎበዝ ተማሪ፣ ኳስ ተጫዋች፣ ቀልደኛ ነበር። ስለ አባቱ አንድ ቀን ሲያወራ አልሰማሁትም። «ወንድሜ መጣ» ሲል ግን በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። በሳምንቱ ሌላ ወንድም፣ በሳምንቱ ሌላ። ከካፌ ዳቦ በኪሱ ደብቆ ያወጣላቸዋል፤ አልጋውን ለቅቆላቸው መሬት ይተኛል። «ስንት ወንድም ነው ያለህ ጃል?» ስለው «አትቆጥረውም» ይለኛል።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ አምባው ተዘጋ፤ ልጆቹም ተበተኑ። ወሬው የደረሰው ቀን ጓደኛዬ አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሁለት ቀን አልተነሳም። እኛ ደግሞ «ምን ነካው? ትምህርት ቤት ተዘጋ ብሎ ትልቅ ሰው ያለቅሳል?» ተባባልን። አንዳችንም «ነፍስ ይማር» ወይም «እግዜር ያጽናህ» አላልነውም። ምን እንደሞተበት አልገባንም። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ወላጅ አልባ የሆነው በዚያ ቀን ነው። ይህን የተረዳሁት የስድስቱን ልጆች ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ነው፤ እሱ ደግሞ አሁን በሕይወት የለም።

ከጦር ግንባሩ ወዲያ ማዶም ልጆች ነበሩ። በኤርትራ በትጥቅ ትግሉ ዘመን ሶሎሙና የሚባል የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ነበር። ወላጆቻቸውን ያሳጣቸው ጦርነት ከእኛ ጋር የተደረገው ነው፤ ይህን ሳይሉ ማለፍ አይገባም። ፒተር ዎልፍ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና የኤርትራ ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ እነዚህን ልጆች አጥንተዋል። በ1998 ያወጡት ጥናት ሁለት ማሳደጊያዎችን ያወዳድራል። በአንደኛው ሥራው በጥብቅ ደንብ፣ ከላይ ወደ ታች በሚወርድ ትእዛዝ ይሄዳል። በሌላው ሠራተኞቹ ሁሉ ስለ ልጆቹ አብረው ይመክራሉ፤ ልጁን በግል ቀርበው ራሱን እንዲችል ያበረታቱታል። የጭንቀት ምልክት ያነሰው በሁለተኛው ቤት ባሉት ልጆች ላይ ነው። ሁለቱም ቤት ምግብና ጣሪያ ነበረው። ልዩነቱ በቀን ውስጥ ልጁን በስሙ ጠርቶ የሚያነጋግረው ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ተጠራቅሞ በ2007 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና ትልልቅ የእርዳታ ድርጅቶች የሚገኙበት የጋራ ኮሚቴ በአደጋ ጊዜ ስለሚሰጥ የሥነ ልቦና ድጋፍ አንድ መመሪያ አወጣ። አሠራሩን በአራት ደረጃ ይከፍለዋል፤ ከታች ሰፊ፣ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ። ከታች ደኅንነት፣ ምግብና መጠለያ፣ ክብርን በማይነካ መንገድ የሚሰጥ። ቀጥሎ ቤተሰብና ማኅበረሰብ፦ የጠፋ ዘመድ ማገናኘት፣ ለቅሶን በወጉ ማልቀስ፣ ትምህርት ቤት መክፈት፣ የልጆች መጫወቻ። ሦስተኛው በሠለጠኑ ሰዎች የሚሰጥ ቀለል ያለ ምክርና ክትትል። ከላይ፣ ለጥቂቶቹ፣ የአእምሮ ሐኪም። ጥቂቶቹ ስል እንዳንንቃቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንደገመተው ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ያህል የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። የማይተኛ፣ የማይበላ፣ መናገር ያቆመ፣ ራሱን የሚጎዳ ልጅ ጨዋታ ብቻ አይበቃውም፤ ጸበሉም ባይቀር ሐኪም ዘንድ መወሰድ አለበት። ችግሩ የኛ አገር የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም በጣት የሚቆጠር መሆኑ ነው።

ታዲያ እኛ ብዙ ጊዜ መሰላሉን ከመካከል እንጀምረዋለን። አንድ ጊዜ አንዲት አስተማሪ ዘመዴ የአንድ ቀን ሥልጠና ወስዳ መጣች። ቲሸርት፣ አበልና የምስክር ወረቀት ተሰጥቷታል። ሥልጠናው ልጆቹ የደረሰባቸውን በየተራ ቆመው እንዲናገሩ ማድረግ ነበር። «ተናገሩ?» አልኳት። «ሦስቱ አለቀሱ፤ እኛም አለቀስን፤ ከዚያ መኪናው መጣና ሄድን» አለችኝ። በማግስቱ እነዚያን ሦስት ልጆች ማን ጠየቃቸው? እንዲህ በአንድ ቀን አስለቅሶ መሄድ እንደማይጠቅም የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ከተናገረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የለንደኗ ሴት ልጁን አላስገደደችውም፤ እስኪናገር አብራው ቆየች። ልዩነቱ መቆየቷ ላይ ነው።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም ወዲህ በየአካባቢው በቀጠለው ግጭት ስንት ልጅ ቤት ሲቃጠል እንዳየ ቆጥረን አንጨርሰውም። ሐኪሙ እስኪበዛ ብዙ ዓመት ይፈጃል። እስከዚያ ግን የማይበዛብን ነገር አለ። መጠለያ ሲቀየር የአንድ መንደር ልጆችን አንድ ላይ ማስፈር ገንዘብ አይፈልግም። የተፈናቀለውን አስተማሪ ከተፈናቀሉት ተማሪዎቹ ጋር መመደብ የአንድ ደብዳቤ ሥራ ነው። ወንድምና እኅትን ለያይቶ ለአሳዳጊ አለመስጠት፣ ሞትን ለልጅ በእውነተኛ ስሙ መንገር፣ ለቅሶ ላይ ማስቀመጥ፤ ይህን ለማድረግ ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ አንጠብቅም።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ለፋሲካ፣ ከዘመዴ ጋር ወደዚያ መጠለያ ተመለስኩ። ልጁ እዚያው ነበር። ጭቃው ደርቆ አቧራ ስለሆነ አሁን ቤቱን በድንጋይ ነው የሚሠራው። አላወቀኝም፤ ወይም እንዳላወቀ ሆነ። አጠገቡ ቁጭ አልኩና «ይሄ የማን ቤት ነው?» አልኩት። ዝም አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ብዙ ቆይቶ ጣቱን እየቀሰረ «ይሄ የአጎቴ፣ ይሄ የጎረቤታችን የእማማ፣ ይሄ የኛ» አለ። ከዚያ ማን የት ይተኛ እንደነበር፣ በሬው የት ይታሰር እንደነበር፣ አባቱ በየትኛው በር ወጥቶ እንደሮጠ ነገረኝ። አንዲት ነገር አልዘለለም።

ቀና ስል አያቱ ከኋላችን ቆመዋል። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «እኔ'ኮ የረሳው መስሎኝ ነበር» አሉ።